የሰፌዷ ቀሚስና የነሐሴ ቅጠል

ስለ ባሌ ዳንስ ልንጽፍ ነው። «ከግራና ተነስታችሁ?» የሚለን አይጠፋም። አዎን፣ ከግራና ተነስተን! ስሟ ከቆቦ ጋር ተጣምሮ በመስኖና በሸለቆ ልማት ሰነዶች ላይ ካልሆነ በቀር ብዙም ከማይነሳው፣ የመርሳ ጎረቤት ከሆነችው ከራሷ ከግራና።

እስቲ መጀመሪያ ነገሩን እናስተዋውቅ። በቴሌቪዥን ሳታዩት አልቀራችሁም። አንዲት ቀጭን ልጅ በእግሯ ጣቶች ጫፍ ቆማ ትሽከረከራለች። ወገቧ ላይ ደግሞ እንደ ሰፌድ የተዘረጋ፣ ወደ ታች መውረድን እንቢ ያለ ነጭ ነገር አለ። ያ ሰፌድ ቱቱ ይባላል። አንዳንድ እናቶቻችን ሲያዩት ፊታቸውን ያዞራሉ፤ እህቶቻችን ደግሞ ዓይናቸውን አይነቅሉም። እኛ ከእህቶቻችን ወገን ነን።

ወደዚህ ርዕስ የጎተተን ግን ሰፌዱ ብቻ አይደለም። ነሐሴ አጋማሽ ላይ በላስታና በዋግ ያሉ ልጃገረዶች ወገባቸው ላይ የሚያስሩት ለምለም ቅጠል አለ። እሱም የጭፈራ ልብስ ነው፤ እሱም ከወገብ ተነስቶ ከልጅቷ ጋር ይዘላል። ሁለቱን ጎን ለጎን ስናስቀምጣቸው አንድ ጥያቄ አልለቅ አለን። የአንደኛዋ ቀሚስ ታሪክ በዓመት፣ በወርና በቀን ተጽፎ ሲገኝ የሌላዋ የት ገባ?

ከተጻፈላት እንጀምር።

እ.ኤ.አ. ማርች 12 ቀን 1832 በፓሪስ ኦፔራ «ላ ሲልፊድ» የተባለ ባሌ ለመጀመሪያ ጊዜ ታየ። (ለማነጻጸር ያህል፣ በዚያን ጊዜ እዚህ አገር የኛው የየጁ ልጅ ሁለተኛው ራስ አሊ ገና በለጋ ዕድሜው የእንደራሴነቱን ወንበር ከያዘ አንድ ዓመት ገደማ ቢሆነው ነው።) ዋናዋ ጨፋሪ ማሪ ታሊዮኒ ትባላለች። አባቷ ፊሊፖ ታሊዮኒ ጭፈራውን የደረሰው ለእሷ ብሎ ነው፤ በየቀኑ ለረጅም ሰዓት እያለማመደ ያሳደጋትም እሱ ነው። ታሊዮኒ የምትጫወተው ክንፍ ያላትን የጫካ መንፈስ ስለሆነ ልብሷም መንፈስ መምሰል ነበረበት። ስለዚህ ከላይ ጥብቅ ያለ፣ ከወገብ በታች እንደ ደወል የሚሰፋ፣ ከባት ላይ የሚያበቃ፣ በስስ ነጭ ጨርቅ የተደራረበ ቀሚስ ለበሰች። በጋዝ መብራት ብርሃን ጭጋግ መሰለች። ተመልካቹ አበደ! ከዚያ በኋላ በአውሮፓ መድረክ ላይ ነጭ መልበስ ፋሽን ሆነ።

ልብ በሉ፣ ይህቺ የመጀመሪያዋ ቱቱ ዛሬ ከምናውቃት ሰፌድ ጋር አትመሳሰልም። ረዘም ያለች ጨዋ ቀሚስ ናት። ቢሆንም እግር መታየት አለበት የሚለው ክርክር ከዚያ ቀደም ብሎ፣ ከመቶ ዓመት በፊት ነው የተጀመረው። በ1730ዎቹ ማሪ ካማርጎ የምትባል ጨፋሪ ፈጣን እርምጃዋ እንዲታይላት ቀሚሷን ከቁርጭምጭሚቷ ከፍ ብታደርግ አገር ጉድ አለ። ጥቂት ጣት የምታክል ከፍታ ናት፤ ጫጫታው ግን እስካሁን በታሪክ መጻሕፍት ውስጥ ይሰማል።

ቀሚሷን የሠራት ጥበበኛ ልብስ ሰፊ ብቻ እንዳይመስላችሁ። ፋብሪካም አለበት። ቱል የሚባለው እንደ ወንፊት ቀዳዳ ቀዳዳ ያለው ስስ ጨርቅ ስሙን ያገኘው ቱል ከምትባል የፈረንሳይ ከተማ ነው። ድሮ በእጅ የሚሠራ፣ የጌቶች ብቻ የሆነ ነገር ነበር። ጆን ሂትኮት የተባለ እንግሊዛዊ ግን በ1808 እና በ1809 መረቡን የሚሠራ ማሽን ፈለሰፈና ዋጋው ወረደ። እ.ኤ.አ. በ1816 ሎፍቦሮ በተባለች ከተማ ሠራተኞች ሌሊት ፋብሪካው ገብተው ማሽኖቹን ሰባበሩበት። «ሉዳይቶች» የሚባሉት እነዚህ ናቸው። ሂትኮት ግን ዕቃውን ጠቅልሎ ወደ ሌላ ከተማ ሄደ፤ ሥራውም ቀጠለ። ያቺ ክብደት የሌላት የምትመስል ቀሚስ ከጀርባዋ ብዙ ክብደት አላት ማለት ነው።

ከሁሉም የከበደው ግን እሳቱ ነው።

የዚያን ዘመን መድረክ የሚበራው በጋዝ ነበልባል ነበር። ነበልባሉ ክፍት ነው፤ ቀሚሱ ደግሞ ንፋስ የሚያነሳው ስስ ጨርቅ። ለንደን ውስጥ በ1844 ክላራ ዌብስተር የምትባል ወጣት ቀሚሷ መብራት ነክቶ መድረክ ላይ ተቃጠለችና ሞተች። በ1861 ፊላደልፊያ ውስጥ አንዷን እሳት ሲይዛት ሌሎቹ ሊያድኗት ሮጡ፤ ቢያንስ ስድስት ጨፋሪዎች አለቁ። ከመካከላቸው እህትማማቾች ነበሩበት።

የኤማ ሊቭሪ ታሪክ ግን ከሁሉም ይለያል። ኤማ የታሊዮኒ ተማሪ ነበረች። በ1860 መምህሯ «ለ ፓፒዮን» (ቢራቢሮው) የተባለ ባሌ ደረሰችላት፤ ታሊዮኒ በሕይወቷ የደረሰችው ብቸኛ ባሌ ይኸው ነው። በታሪኩ ውስጥ ቢራቢሮዋ ወደ ችቦ ትበርና ክንፏ ይቃጠላል። ሁለት ዓመት ቆይቶ፣ በኅዳር ወር 1862፣ ኤማ ለአንድ ኦፔራ ልምምድ ላይ ሳለች ቀሚሷ የጋዝ መብራት ነካ። እየነደደች በመድረኩ ላይ ሮጠች። ስምንት ወር ተሰቃይታ በሐምሌ 1863 በ20 ዓመቷ አረፈች።

የሚያስቆጨው ይኼ ብቻ ቢሆን! በ1859 የወጣ የመንግሥት ድንጋጌ የመድረክ ልብሶች እሳት እንዳይዛቸው በመድኃኒት ተነክረው እንዲዘጋጁ ያዝዝ ነበር። መድኃኒቱ ግን ጨርቁን ያደርቀዋል፣ ንጣቱንም ያደበዝዘዋል። ኤማም «እኔ በዚህ አልጨፍርም፤ ለሚመጣው ኃላፊነቱን እወስዳለሁ» የሚል መንፈስ ያለው ደብዳቤ በ1860 ጽፋ ለኦፔራው ሰጥታ ነበር። ሰው ሞኝነት ሊለው ይችላል። እኛ ግን አንፈርድባትም። የምትኖረው ቀልላ በመታየቷ ነው፤ ቅልጥፍናዋን የነጠቀ ልብስ እንጀራዋንም ይነጥቃታል። ከዚያ ቃጠሎ የተረፈው ብጣሽ ጨርቅ እስከ ዛሬ በፓሪስ ኦፔራ ሙዚየም ተቀምጧል።

ከዚህ በኋላ ቀሚሷ እያጠረች ሄደች። ምክንያቱ ዓይን ለመሳብ ብቻ አይደለም፤ ቴክኒክ ነው። በ1890ዎቹ ፒየሪና ሌኛኒ የምትባል ጣሊያናዊት ሴንት ፒተርስበርግ ገብታ በአንድ እግሯ ቆማ 32 ጊዜ በተከታታይ ስትሽከረከር ረጅም ቀሚስ ለብሶ ይህን ማሳየት አይቻልም። ጉልበቱ፣ ጭኑ፣ ዳሌው እንዴት እንደሚሠራ መታየት አለበት። ስለዚህ ቀሚሱ ወደ ላይ ወደ ላይ ወጥቶ በመጨረሻ ወገብ ላይ ጠፍጣፋ ሆነ፤ በውስጡም ሽቦ ገባበት። ሰፌዱ ተወለደ።

ካሪንስካ የተባለች በካርኪቭ የተወለደች ልብስ ሰፊ ደግሞ በ1950 ኒው ዮርክ ውስጥ ለባላንሺን ባሌ ስትሰፋ ሽቦውን አውጥታ ጣለችው። ብዙ ሴቶች ተጠጋግተው ሲጨፍሩ የአንዷ ሽቦ የሌላዋን እየነካ ሰፌዱ ሁሉ ይንጋደድ ነበርና። በምትኩ አጫጭር የቱል ድርብርቦችን እርስ በርስ በስሱ አያያዘቻቸው። ከባለሙያ እጅ የወጣች አንዲት ቱቱ ከ10 ሜትር በላይ መረብ ትበላለች፤ ስፌቷም ቀናት ይፈጃል። ለብሰዋት አይቀመጡም። ስትቀመጥ ደግሞ ተገልብጣ ነው የምትቀመጠው፤ አለበለዚያ ጫፏ ይወድቃል። (ሰፌድም እኮ ግድግዳ ላይ ነው የሚሰቀለው!)

«ቱቱ» የሚለው ስም ከየት መጣ ለሚል፣ ሰፊው አስተያየት የፈረንሳይ ሕፃናት መቀመጫን ከሚጠሩበት ቃል ነው ይላል። በርካሽ ወንበር ተቀምጠው ከታች ወደ ላይ የሚያዩት ሰዎች ያወጡላት የፌዝ ስም መሆኑ ነው። ሌሎች ደግሞ ከቱል የመጣ ነው ይላሉ። የመጀመሪያው ይበልጥ እውነት ይመስለናል፤ ምክንያቱም ያ ዓይን በዚያ ቤት ውስጥ ነበረ። ከጨፋሪዎቹ ብዙዎቹ የድሃ ልጆች ነበሩ፤ «ትንንሽ አይጦች» ይሏቸዋል። ጥቁር ኮት የለበሱ ባለጸጋ ደንበኞች ደግሞ ከመጋረጃው ጀርባ የመግባት መብት ነበራቸው። ኤድጋር ዴጋ በ1881 ለሕዝብ ያሳያት፣ እውነተኛ ቱቱ የለበሰች የሰም ሐውልት የማሪ ቫን ጎተም ናት። ማሪ የልብስ አጣቢ ልጅ ነች፤ በዓመቱ ከኦፔራው ተባረረች። ሐውልቷ በነሐስ ተባዝቶ በዓለም ሙዚየሞች ቆሟል። እሷ ራሷ ከዚያ በኋላ ከታሪክ ጠፋች።

ቀለሙም ቢሆን የራሱ ታሪክ አለው። የእግር ሹራቡና ጫማው ለዘመናት ሮዝ የሆነው የነጭ ሰው ገላ እንዲመስል ነው። አርተር ሚቸል በ1969 በሃርለም ባቋቋመው የባሌ ቡድን ውስጥ ጥቁር ጨፋሪዎች ሹራባቸውንና ጫማቸውን በየራሳቸው ቆዳ ቀለም ማስቀለም የጀመሩት በ1970ዎቹ ነው። ሚስቲ ኮፕላንድ በአሜሪካን ባሌ ቲያትር የመጀመሪያዋ ጥቁር ሴት ዋና ጨፋሪ የሆነችው በ2015 ነው። አንድ ታዋቂ የለንደን ጫማ ሰሪ ቡናማ የባሌ ጫማ ለገበያ ያወጣው ደግሞ በ2018 ነው። በ2018! እስከዚያ ድረስ ልጆቹ ጫማቸውን የፊት መዋቢያ ሲቀቡ ኖሩ።

ወደ አገራችን ስንመጣ የባሌ ቤት ወግ አልነበረንም። ከምዕራቡ መድረክ ጭፈራ ጋር በሰፊው የተገናኘንበት አንድ ክስተት ግን ልንጠቅስ ይገባል። በ1988 ዓ.ም. ሮይስተን ማልዱም የተባለ እንግሊዛዊ ከመቶ በላይ የጎዳና ልጆችን አሰልጥኖ አዲስ አበባ ላይ «ካርሚና ቡራና»ን አስጨፈራቸው። አዱኛ የዳንስ ቡድን የተገኘው ከዚያ ነው። ከአዱኛ ልጆች አንዱ ጁነይድ ጀማል ሰንዲ በዓለም አቀፍ ደረጃ ከጃፓናዊው ሳቡሮ ቴሺጋዋራ ጋር እስከ መሥራት ደርሷል። ቱቱ የለበሰ አልነበረም፤ የሚያስፈልጋቸውም አልነበረም።

የእኛ ጭፈራ ለምን ረጅም ቀሚስ መረጠ? መልሱ ቀላል ይመስለናል። እስክስታ ያለው ትከሻ ላይ ነው። ባሌ እግሩን ለማሳየት ቀሚሱን እንዳሳጠረ ሁሉ፣ የኛ ቀሚስ ትከሻና ደረትን ለማሳየት ከታች ዝም ብሎ ይወርዳል። ጥልፉ ያለው ደረት ላይ ነው፤ ዓይን እዚያ እንዲያርፍ። መቀነቱ ወገብን ይይዛል። እናት በእንዝርት ፈትላው፣ ሸማኔ ጉድጓዱ ውስጥ ተቀምጦ የሸመነው ጥጥ ክብደት ስላለው ከወገብ በታች ረግቶ ይቀመጣል፤ ያ እርጋታ ነው የትከሻውን መንቀጥቀጥ የሚያጎላው። አሁን ከውጭ የሚገባው፣ ጥለቱ የታተመበት አንሸራታች ጨርቅ ይህን አያደርግም። ዋጋው ስለሚቀንስ የሚገዛውን አንወቅስም። ግን ትከሻው ላይ ሲንሸራተት፣ ታችኛውም ክፍል አብሮ ሲወዛወዝ ጭፈራው ራሱ ይደበዝዛል። ሂትኮት እዚህም ደረሰ ማለት ነው፤ ሸማኔዎቻችን ግን ማሽን የሚሰብሩ ዓይነት አይደሉም፤ ዝም ብለው ሙያ ይቀይራሉ።

ከድሮ ቀሚሶቻችን መካከል ዓመቱ የሚታወቅ አንድ ቀሚስ ብናሳያችሁ ደስ ባለን። አለ፤ ያለው ግን ለንደን ነው። በሚያዝያ 1860 ዓ.ም. እንግሊዞች መቅደላን ሲዘርፉ ከወሰዱት ንብረት ውስጥ የእቴጌ ጥሩወርቅ ውቤ እንደሆነ የሚታመን፣ በሐር የተጠለፈ የጥጥ ቀሚስ ይገኛል። ቪክቶሪያና አልበርት ሙዚየም «ጥሩነሽ» በሚል ስም መዝግቧቸዋል፤ በ2018 እ.ኤ.አ. የመቅደላን 150ኛ ዓመት ምክንያት በማድረግ ለሕዝብ አሳይቶታል። እቴጌዋ ራሳቸው ከጦሩ ጋር ሲጓዙ መንገድ ላይ አረፉ። መቅደላ የወሎ ምድር ነው። የወሎ ልጅ ከወሎ የወጣውን ቀሚስ ለማየት ቪዛ ያስፈልጋታል።

አሁን ወደ ቅጠሉ።

የፍልሰታ ጾም ሲፈታ፣ ከነሐሴ 16 እስከ 21፣ በሰቆጣ ሻደይ፣ በላሊበላና በላስታ አሸንድዬ፣ በራያ ቆቦ ሶለል፣ በትግራይ ደግሞ አሸንዳ ይከበራል። ስሙ ይለያይ እንጂ ዘሩ አንድ ነው። ሻደይም አሸንድዬም የበዓሉ ብቻ ሳይሆን የቅጠሉም ስም ነው። ልጃገረዶቹ በክረምቱ ያደገውን ረጅም ለምለም ቅጠል ያጭዳሉ፣ ያስተካክላሉ፣ ከዚያም ቀሚሳቸው ላይ በወገባቸው ዙሪያ ያስሩታል። ሹሩባ ተሠርተው፣ ተኩለው፣ ከበሮ ይዘው በየቤቱ ይዞራሉ። ሲዘሉ ቅጠሉ አብሯቸው ይዘላል፤ ሲያርፉ ከእነሱ ዘግይቶ ያርፋል። ካሪንስካ ብታየው ኖሮ ወረቀትና እርሳስ የምታወጣ ይመስለናል።

እንግዲህ ልዩነቱን ተመልከቱ። ቅጠሉ ፋብሪካ አልሠራውም፤ ለመግዛት ብር አይጠይቅም፤ በእሳት ፊት ያቆመው የመድረክ ሥራ አስኪያጅ የለም። ትኬት ቆርጦ ከወንበር የሚያይም የለም። ነገር ግን ከእውነቱ በላይ አናሳምረው። እነዚያ ቀናት ልጃገረዶች እንደልብ ወጥተው የሚጫወቱባቸው ቀናት ናቸው ስንል፣ የቀሩት ቀናት ምን እንደሚመስሉ መናገራችን ነው። ጎረምሶች ዳር ቆመው ሚስት የሚያጩበት አጋጣሚም ነበር፤ ከታጩትም ውስጥ ለአቅመ ሔዋን ያልደረሱ ብዙ ነበሩ። ዓይን እዚህም አለ ለማለት ነው፤ ኮቱ ብቻ ነው የሚለየው።

ደግሞ ሌላ ነገር አለ። ቅጠሉ በጥቂት ቀናት ይደርቃል። ጠውልጎ ይጣላል። በሙዚየም አይቀመጥም፣ ተገልብጦ አይሰቀልም። የኤማ ሊቭሪ ቀሚስ ተቃጥሎም ብጣሹ ተረፈ፤ የእቴጌዋ ቀሚስ ተዘርፎም ተረፈ፤ ቅጠሉን ማንም ሳይነካው በየዓመቱ ይጠፋል። እስከ ዛሬ የኖረው በሚቀጥለው ነሐሴ ሌላ ልጅ ስለምታጭደው ብቻ ነው። ለዚህም ነው አንድ ነሐሴ መዝለሉ የሚያስፈራን።

ነሐሴ ደግሞ ተዘሏል። ነሐሴ 2013 ዓ.ም. ቆቦም፣ ላሊበላም፣ ወልድያም፣ የኛው ሀብሩም በጦርነቱ ውስጥ ነበሩ። በ2014 ዓ.ም. ውጊያው ቆቦ አካባቢ እንደገና የፈነዳው ነሐሴ 18 ሲሆን የመንግሥት ጦር ከተማዋን የለቀቀው ነሐሴ 21 ነው። ቀኖቹን መልሳችሁ ከበዓሉ ቀኖች ጋር አስተያዩአቸው። ከዚያ በ2015 ማብቂያ በክልሉ ሌላ ግጭት ተከተለ። በእነዚያ ዓመታት ዐሥር ዓመት የነበራት ልጅ ቅጠሉን ማጨድና ማሰር መማር የነበረባት ከታላቋ ነበር።

መድረኩስ? በ1927 ዓ.ም. ከተመሠረተው ሀገር ፍቅር ጀምሮ፣ በ1980 ዓ.ም. ዓለምን እስከ ዞረው «ሕዝብ ለሕዝብ» ድረስ የአገራችን ጭፈራ መድረክ ላይ ወጥቷል፤ ብዙውንም አትርፎልናል። መድረክ ግን የሚመቸውን ነው የሚያስቀረው። ቅጠል ለመድረክ አይመችም፤ ይረግፋል፣ ወለል ያቆሽሻል። አንዳንድ ቦታ በአረንጓዴ ጨርቅ ቁራጭ ተተክቶ አይተናል። ከሩቅ ያምራል። ድምፁ ግን የለም፤ ቅጠሉ ሲዘል ሿ የሚል ድምፅ ነበረው።

ስለዚህ ለአንባቢዎቻችን አንድ ጥያቄ አለን። በቤታችሁ፣ በአክስቶቻችሁ ሣጥን ውስጥ፣ ወገቧ ላይ ቅጠል ያሰረች ልጅ ያለችበት የድሮ ፎቶ ካለ ገልብጡትና ጀርባው ላይ በእርሳስ ዓመቱን፣ ቦታውንና የልጅቷን ስም ጻፉበት። ልጅቷ ዛሬ አያት ሆና በሕይወት ካለች ደግሞ ቅጠሉን ከየትኛው ሜዳ እንዳጨደችውና እንዴት አድርጋ እንዳሰረችው ጠይቋትና ከሥሩ ጨምሩ።